የሴት ውሻ የስሪያ ወቅት ሱሪና የማምከን ቀዶ ጥገና፦ ተጠቅመን ያየነው

ያልመከነች ሴት ውሻ በቤቱ ያለችው ሰው፣ ይዋል ይደር እንጂ፣ በስሪያ ወቅቷ የሚፈሰውን ደም የሚይዝ ሱሪ ስለ መግዛት፣ ቀጥሎም ስለ ማምከን ቀዶ ጥገና ማሰቡ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ሁለቱንም ነው፤ በመጀመሪያ ታጥቦ የሚለበሰውን የጨርቅ ሱሪና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዳይፐር፣ ከእነርሱ ጎን የሚሸጡትን አንዳንድ ነገሮች፣ በመጨረሻም ለውሻችን ያስደረግንላትን ቀዶ ጥገና። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ሱሪው ለተሠራበት ዓላማ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገዛው ግን ሊሠራው ለማይችለው ሥራ ነው። ቀዶ ጥገናውም ጠቃሚ አገልግሎት ነው፤ ጥቅሙ ግን መቼ እንደሚደረግ በጥንቃቄ በመምረጥ ላይ የተመሠረተ ነው።

የጨርቅ ሱሪው ውጭው ውኃ የማያስተላልፍ፣ ውስጡ ፈሳሽ የሚመጥ ለስላሳ ጨርቅ ሲሆን፣ ለጅራት የሚሆን ቀዳዳ አለው፤ ወገብ ላይ በሚጣበቅ ቬልክሮ ይታሰራል። ሲገዛ መለካት ያለበት ከኋላ እግሮች ፊት ለፊት ያለው የወገብ ዙሪያ ነው እንጂ፣ የውሻዋ ክብደት ወይም ዝርያ ብቻውን በቂ አይደለም። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የጅራቱ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ሱሪው ውሻዋ በተቀመጠችና በተነሣች ቁጥር ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ደሙ በጎን ያመልጣል፤ ከጠበበ ደግሞ የጅራቱን ሥር ይፈገፍገዋል። እኛ ከሞከርናቸው መካከል የተሻለው ቀዳዳው ዙሪያውን በቀጭን ላስቲክ የተያዘው ነበር። ቬልክሮው ረጅም ፀጉር ባላቸው ውሾች ላይ ፀጉር ይይዛል፤ በመሆኑም ከማሰር በፊት የወገቡን ፀጉር በእጅ ወደ ኋላ አስተኝቶ መዝጋት ያስፈልጋል። ከመታጠቡ በፊትም ቬልክሮውን መልሶ መዝጋት ይገባል፤ ክፍት ሆኖ ከታጠበ ክርና ፀጉር ሰብስቦ ብዙም ሳይቆይ መያዙን ያቆማል።

እጥበቱን በተመለከተ፣ ደም በሙቅ ውኃ ከታጠበ ጨርቁ ላይ ስለሚደርቅ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ አለበት። የጨርቅ ማለስለሻ መጨመር አይመከርም፤ ማለስለሻው የውስጡን ጨርቅ እየሸፈነ ፈሳሽ የመምጠጥ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ብዙ ሰዎች በሱሪው ውስጥ የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ያስገባሉ፤ ይህ ሱሪውን ቶሎ ቶሎ ከማጠብ ያድናል፣ ነገር ግን መጠበቂያውም ቢሆን በየጥቂት ሰዓቱ መቀየር ይኖርበታል። ውሻዋ ለሽንትና ለዓይነ ምድር በወጣች ቁጥር ሱሪው መውለቅ አለበት፤ በቀን ውስጥም ቆዳዋ አየር የሚያገኝበት ሰፋ ያለ ጊዜ ያስፈልጋታል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ እርጥብ ሱሪ ቆዳን ያቆስላል፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያጋልጣል። ደግሞም ሴት ውሻ ራሷን መላሷ ተፈጥሯዊ የንጽሕና መንገዷ ስለሆነ ይህን ጨርሶ መከልከል አያስፈልግም።

አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዳይፐር ለጉዞና እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ይመቻል። ከባድ ጉድለቱ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲነካው የሚያብጥ ዱቄት ነው፤ ውሻዋ ዳይፐሩን ቀዳ ከዋጠችው አንጀቷን ሊዘጋ ይችላል። ነገር የምታኝክ ወጣት ውሻ ያለው ሰው ሳይጠብቃት ዳይፐር አልብሷት መሄድ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሱሪው እርግዝናን አይከላከልም። ይህ በማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኝ ይሆናል፤ ሰው ግን ሱሪውን ሲያይ ልብስ እንደ አጥር የሚከልላት ይመስለዋል። ወንድ ውሻ ሱሪውን በጥርሱ ሊጎትተው ይችላል፤ ሴቷም ፈቃደኛ በሆነችበት ጊዜ ትተባበረዋለች። ከዚህ የሚብሰው ግን ሱሪው የሚያሳድረው የጊዜ ስሕተት ነው፤ ይህን ለመረዳት የወቅቱን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

አብዛኞቹ ትንንሽ ውሾች የመጀመሪያውን ወቅት የሚያዩት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜያቸው ሲሆን፣ ግዙፍ ዝርያዎች ግን እስከ 18፣ አንዳንዴም እስከ 24 ወር ሊዘገዩ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ በአማካይ በየ7 ወሩ ገደማ ይመላለሳል፤ ባሴንጂን የመሳሰሉ ጥቂት ዝርያዎች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያዩታል። ሴት ውሻ እንደ ሰው ዕድሜዋ ሲገፋ ወቅቷ ፈጽሞ አይቋረጥም፤ በሁለት ወቅቶች መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል እንጂ ያረጀች ውሻም ልታረግዝ ትችላለች። ደሙ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ይህ ምዕራፍ በአማካይ 9 ቀን ያህል ይቆያል፣ ሆኖም ከ3 እስከ 21 ቀን ሊሆን ይችላል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲጨምር የማህፀን የደም ሥሮች ደም ያስተላልፋሉ፣ ብልቷም ያብጣል። በዚህ ጊዜ ወንዶች ይከተሏታል፣ እርሷ ግን ትቆጣቸዋለች ወይም ቁጢጥ ብላ ትከለክላቸዋለች። ስለዚህ የውሻ ደም ከሴቶች የወር አበባ ጋር አይመሳሰልም፤ የወር አበባ እርግዝና ሳይፈጠር ሲቀር የሚመጣ ሲሆን፣ የውሻ ደም ግን የምታረግዝበት ጊዜ መቃረቡን የሚያሳውቅ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጀምር የደሙ ቀለም ይደበዝዛል፣ ብዙ ጊዜም የገለባ መልክ ያለው ፈሳሽ ይሆናል፤ እብጠቱ ይለሰልሳል፤ ጀርባዋን በጅራቷ ሥር አካባቢ ሲነኳት ጅራቷን ወደ ጎን ታዞራለች። የሱሪው ባለቤት ታዲያ ሱሪው ሳይቆሽሽ ሲውል ነገሩ አለቀ ብሎ ያወልቅላትና ግቢ ይለቃታል፤ የምታረግዝበት ጊዜ ግን በትክክል ያ ነው። ይህ ምዕራፍም በአማካይ 9 ቀን ያህል ይዘልቃል። ከዚህ በተጨማሪ የውሻ እንቁላል ከእንቁልጢ ሲወጣ ገና ያልበሰለ ስለሆነ ለመብሰል ሌላ 2 ወይም 3 ቀን ይፈልጋል፤ የወንዱ ዘር ደግሞ በሴቷ ማህፀን ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ያህል በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እንቁላል ከመውጣቱ ቀደም ብሎ የተደረገ ስሪያም ሆነ ደሙ ጠፋ ከተባለ በኋላ የተደረገ ስሪያ ቡችላ ሊያስገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ወቅት ከተለያዩ ወንዶች ጋር የተገናኘች ውሻም የተለያየ አባት ያላቸው ቡችሎችን በአንድ ጊዜ ልትወልድ ትችላለች።

አንዳንድ ውሾች ጥቂት ብቻ ይደማሉ፣ እርሱንም ወዲያው ይልሱታል፤ ወለል ላይ ጠብታ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቶ ይነቃል። በእኛ ቤት የሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ ወቅቱ ይቀርባል ተብሎ ከሚታሰብበት ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ብልቷን በነጭ ሶፍት ቀስ አድርጎ መንካት። መጀመሪያ ሶፍቱ ላይ የሚታየው ሐመር ሮዝ ነጥብ በዓይን ከማይለይ ጊዜ ጀምሮ ያስጠነቅቃል። ያ ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢያንስ 4 ሳምንት ጥበቃው ሳይላላ ይቀጥል። ትክክለኛውን ቀን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በደም ውስጥ ያለውን ፕሮጀስትሮን የተባለ ሆርሞን ማስለካት ይችላል፤ መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 5 ናኖግራም አካባቢ ሲደርስ እንቁላሉ እየወጣ ነው ማለት ነው። ይህ ምርመራ ማስወለድ ለሚፈልጉ ሰዎች የታሰበ ቢሆንም፣ ጭንቀት ለበዛበት ቤትም ይረዳል።

ጥበቃ የሚባለው ሱሪ ሳይሆን በርና ገመድ ነው። ውሻዋ ብቻዋን ግቢ ውስጥ አትተው፣ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ በገመድ ትያዝ፣ በመንገዱና በእርሷ መካከል በአንድ ጊዜ የማይከፈቱ ሁለት በሮች ይኑሩ። በዚያው ቤት ያደገ ወንድ ውሻ ወንድሟም ይሁን ልጇ ከሌሎቹ አይለይም፤ ውሾች ዝምድናን አይጠብቁም። የሚበጀው ወንዱን ለዚያ ጊዜ ወደ ሌላ ቤት መውሰድ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር በበር ብቻ የተለየ ወንድ ምግብ እስከ መተው ድረስ ሊጨነቅ ይችላል። ስሪያ ተጀምሮ ሁለቱ ከተቆላለፉ በኃይል ማላቀቅ ሁለቱንም ይጎዳል፤ መቆላለፉ ከ5 እስከ 45 ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል ረጋ ብሎ መጠበቅና ከዚያ ሳይዘገዩ ሐኪም ማማከር ይገባል። እርግዝናን የሚያስቀሩ መድኃኒቶች አሉ፣ ነገር ግን ያለ ሐኪም የሚሰጥ የኢስትሮጅን መርፌ መቅኔን ሊጎዳና የማህፀን መግል ሊያስከትል የሚችል አደገኛ ነገር ነው።

ከሱሪው ጎን ጠረን የሚሸፍን ፈሳሽና የክሎሮፊል ክኒን ይሸጣሉ። ሁለቱንም አልመክርም፤ የወንድ ውሻን አፍንጫ የሚያታልሉ አይደሉም፣ ባለቤቱን ግን ያዘናጋሉ። ወቅቱን ለማዘግየት የሚሰጠው የፕሮጀስትሮን ዓይነት ሆርሞን መርፌ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ይሠራል፣ ነገር ግን በማህፀን መግል፣ በጡት ዕጢና በስኳር በሽታ የመያዝን አደጋ ይጨምራል። በየጊዜው እየደጋገሙ መስጠት ቀዶ ጥገናን የሚተካ ርካሽ መንገድ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል።

ወቅቱ ካለፈ በኋላም ባለቤቱ ዓይኑን ማንሣት የለበትም። እርግዝና ኖረም አልኖረም ፕሮጀስትሮን ለ2 ወር ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል። አንዳንዷ ውሻ ሳታረግዝ ያረገዘች መስላ ጡቷ ወተት ያጋታል፣ አሻንጉሊት ሰብስባ ትጠብቃለች። ይህ ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል። አደገኛው ፓዮሜትራ፣ ማለትም ማህፀን መግል መቋጠሩ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከወቅቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ይከሰታል። ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ብዙ መሽናት፣ ምግብ መተው፣ መደበትና ማስታወክ ምልክቶቹ ናቸው። የማህፀን በር ከተዘጋ ምንም መግል ወደ ውጭ ስለማይታይ ይህ ዓይነቱ የበለጠ ይገድላል። በስዊድን የውሻ መድን መዝገቦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ካልመከኑ ሴት ውሾች መካከል ሩብ ያህሉ 10 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ እንደሚያዙ አሳይቷል። ለእኔ ስለ ማምከን በሚደረግ ውይይት ውስጥ ከሁሉም ይልቅ የሚመዝነው ይህ ነው።

የጡት ዕጢን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው፤ በዚያ መሠረት ከመጀመሪያው ወቅት በፊት የመከነች ውሻ አደጋ ካልመከነችው ጋር ሲነጻጸር 0.5 በመቶ፣ ከመጀመሪያው ወቅት በኋላ 8 በመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ 26 በመቶ ያህል ነው። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ ማስረጃው ደካማ እንደሆነ አመልክቷል። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች እንደማይናወጥ ሕግ እያነሡ ባለቤትን ማስፈራራት ተገቢ አይመስለኝም። በሌላው ሚዛን ላይ ደግሞ የመከኑ ሴት ውሾች፣ በተለይም ትልልቆቹ፣ ሽንታቸው ሳያውቁ ሊያመልጣቸው ይችላል፤ ይህ በመድኃኒት የሚረዳ ቢሆንም ዕድሜ ልክ ክኒን መስጠት ማለት ሊሆን ይችላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በ2013 እ.ኤ.አ. ጎልደን ሪትሪቨር በተባለው ዝርያ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ35 ዝርያዎች ላይ የታተሙት ጥናቶች፣ አንዳንድ ትልልቅ ዝርያዎች አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሲመክኑ የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛባቸው፣ በትንንሽ ዝርያዎች ግን ይህ እንደማይታይ ያሳያሉ። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዕድሜ የለም፤ ትንሽ ውሻ ቀደም ብሎ፣ ትልቅ ውሻ አጥንቷ ከጠነከረ በኋላ ማለት ምክንያታዊ መነሻ ነው። ጤናማ ለመሆን አንድ ጊዜ መውለድ አለባት የሚለው አባባል ግን መሠረት የለውም።

እኛ በመጀመሪያ የጠየቅነው አንድ ክሊኒክ ውሻችን እየደማች ሳለ በዚያው ሳምንት ሊቀድዳት ቀጠሮ ሊሰጠን ፈቃደኛ ነበር፤ ወቅቷ መቼ እንደጀመረ እንኳ የጠየቀን አልነበረም። በወቅቱ መካከል የማህፀንና የእንቁልጢ የደም ሥሮች ስለሚያብጡ ደም የመፍሰስ አደጋ ይጨምራል፤ አጣዳፊ ምክንያት ከሌለ በስተቀር ከወቅቱ በኋላ ከ2 እስከ 3 ወር መጠበቅ ይሻላል። ይህን ስላወቅን ሌላ ቦታ ሄድን፤ ልዩነቱም ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ታየ። ሐኪሟ ቀኑን ከጠየቀችን በኋላ ውሻችንን በጎኗ አስተኝታ ጡቶቿን አንድ በአንድ በሁለት ጣት እየጨመቀች ወተት መኖሩን አየች። ጠብታ በመታየቷም፣ ወተት እያላት እንቁልጢዋ ከወጣ ሐሰተኛው እርግዝና ሊጸናባት እንደሚችል አስረድታ ቀጠሮውን ወደ ፊት ገፋችው። ገቢ የሚያመጣ ሥራን ለታካሚው ጥቅም ሲሉ ማዘግየት ለእኔ የጥሩ ሐኪም ትልቁ ምልክት ነው።

በቀዶ ጥገናው ዕለት ደም አስቀድሞ ተመረመረ፤ የደም ሥር ቱቦና የመተንፈሻ ቱቦ ገቡላት፤ የህመም ማስታገሻም ከመቀደዷ በፊት ተሰጣት። ሐኪሟ እንቁልጢዎችን ብቻ ማውጣትና ማህፀንን ጨምሮ ማውጣት ሁለቱም ተቀባይነት እንዳላቸው፣ ጤናማ ማህፀን ላላት ወጣት ውሻ የመጀመሪያው እንደሚበቃ በግልጽ ነገረችን። እንቁልጢው ከወጣ ለመግሉ መነሻ የሚሆነው ሆርሞን ስለማይኖር ነው። በካሜራ በትንሽ ቀዳዳ የሚደረገውም ዘዴ ህመሙ ያነሰ ነው፤ መሣሪያውና ልምዱ ባለበት ይመረጣል።

አገልግሎቱ እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ውሻችንን እንድንወስዳት የተጠራነው ገና እየተንገዳገደች ሳለ ነበር፤ የተሰጠን የአንገት ፕላስቲክም አጭር ስለነበረ አፍንጫዋ አልፎ ስፌቱ ጋ ይደርስ ነበር። ፕላስቲኩ ጫፉ ከአፍንጫዋ ቢያንስ ጥቂት ጣት ወጣ ብሎ እንዲያልፍ ክሊኒኩ ውስጥ እያሉ ማስለካት ይገባል። ለ10 እስከ 14 ቀን ሩጫ፣ ዝላይ፣ ደረጃና ገላ መታጠብ የለም፤ ስፌቱ በየቀኑ ይታይ፣ ቀይ፣ ትኩስ ወይም ፈሳሽ ያለበት ሲሆን ሐኪም ይጠራ። ለሰው የሚታዘዙትን ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል መስጠት ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። ሌላው ክሊኒኩ ሳይነግረን የቀረው የምግቡ ነገር ነው፦ ከመከነች በኋላ የኃይል ፍላጎቷ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል፣ የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል፤ የሰፈሩ ሰው ወፈረች የሚላት የመከነች ውሻ የወፈረችው አብዛኛውን ጊዜ በሳህኗ መጠን ነው።

ለሌሎች ባለቤቶች የምለው፣ ከክሊኒኩ ከመውጣታቸው በፊት ምን እንደወጣ፣ ሁለቱም እንቁልጢዎች ሙሉ በሙሉ መውጣታቸውን የሚገልጽ የጽሑፍ መዝገብ ይጠይቁ። ቅንጣት እንቁልጢ ከቀረ ከወራት በኋላ ብልቷ ሊያብጥና ወንዶች እንደገና ሊከተሏት ይችላሉ፤ ይህ በሚታይበት ቀን ሳይጠፋ ወደ ሐኪም ከተወሰደች ሆርሞኑ በደም ሊለካ ይችላል፣ ምልክቱ ካለፈ በኋላ ግን መለየቱ ይከብዳል።